መዓዛው የት ይሄዳል? በሶብላንና ኮሰረትን ስለ ማድረቅና ስለ ማስቀመጥ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጋመስ በየጓሮው ያለው በሶብላ አበባውን ደርድሮ ይቆማል። ጥቅምት ላይ ይቆረጣል፣ በእስር በእስር ይታሰራል፣ ከግድግዳ ይንጠለጠላል ወይም ሰፌድ ላይ ይሰጣል። ለሽሮው፣ ለበርበሬው፣ ለቅቤ ማንጠሪያው ተብሎ ይቀመጣል። ፋሲካ ደርሶ ዕቃው ሲከፈት ግን በብዙ ቤት የሚሸተው የደረቀ ሣር ነው። ኮሰረቱም ከዚህ አይሻልም። ያኔ ዘሩ ይወቀሳል፣ መሬቱ ይወቀሳል፣ ከገበያ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ነጋዴዋ ትወቀሳለች።

አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ሲቆረጥ መዓዛው ሙሉ ነበር። የጠፋው ከተቆረጠ በኋላ፣ በማድረቂያው ሳምንትና በማስቀመጫው ወራት ነው። አጠፋፉ ከታወቀ ማዳኑ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህ ማብራሪያ በዋናነት የሚናገረው ስለ በሶብላና ስለ ኮሰረት ነው፤ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ኮረሪማም በየቦታቸው ይነሣሉ።

መዓዛው ቅጠሉ ውስጥ የት ነው ያለው?

መዓዛ ዘይት ነው። እንደ ኑግና እንደ ሱፍ ዘይት መጥበሻ ላይ የሚቀመጥ ሳይሆን በተራ የቤት ሙቀት ወደ አየር የሚበን ዘይት ነው። ተናኝ ዘይት ይባላል።

የበሶብላን ቅጠል በጥሩ አጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው ገጹ ላይ የተበተኑ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያያል። የዘይት ዕጢዎች ናቸው። እያንዳንዷ ዕጢ ዘይቱን የሚሠሩ ጥቂት ሕዋሳት አሏት፤ የተሠራውም ዘይት በስስ ሽፋን ሥር ይጠራቀማል። ይህ ሽፋን ያለው በቅጠሉ ላይ ነው፣ ለመፈንዳትም ብዙ ጉልበት አይፈልግም። በሶብላን ነካ ሲያደርጉት ወዲያው እጅን የሚያውደው ለዚህ ነው። የኮሰረትና የጥብስ ቅጠል ዕጢዎችም እንዲሁ ላይ ላዩን ናቸው።

ጤና አዳም ግን ይለያል። እርሱ ዘይቱን የሚይዘው በቅጠሉ ውስጥ በተቀበሩ ኪሶች ነው፤ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት ኪሶቹ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ሆነው ይታያሉ። ኮረሪማ ደግሞ ዘይቱን ከፍሬው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ፍሬዎቹንም ጠንካራ ቅርፊት ይሸፍናቸዋል። ላይ ላዩን ያለው ቶሎ ይራቆታል፣ የተሸፈነው ይቆያል። በሶብላ በግማሽ ዓመት ሲከዳን ባለቅርፊቱ ኮረሪማ የማይከዳን ከዚህ የተነሣ ነው።

ዘይቱ የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ነው። በኮሰረት ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊናሎል ሲሆን፣ የድምብላል ፍሬም ዋና መዓዛ ይኸው ነው። በሶብላ ውስጥም ሊናሎል አለ፤ ከእርሱ ጋር እንደየዝርያው መጠኑ የሚለያይ ዩጂኖል ይገኛል። ዩጂኖል የቅርንፉድ ዋና ንጥረ ነገር ስለሆነ አንዳንድ በሶብላ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የጦስኝ ኃይል ያለው በቲሞልና በካርቫክሮል ነው። እነዚህ ሁሉ እኩል አይተኑም። ቀላሎቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ከባዶቹ ይዘገያሉ። ስለዚህ በደንብ ያልተያዘ ቅጠል መዓዛው መድከም ብቻ ሳይሆን ይለወጣል፤ አዲስነቱ መጀመሪያ ይሄድና ከበድ ያለው፣ አንዳንዴም ምሬት የመሰለው ብቻ ይቀራል።

ስለ ኮሰረት ሳነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በጓሮ የሚተከለው ኮሰረት በዱር ከሚበቅለው ዘመዱ የተለየ መሆኑን በሳይንሳዊ ስያሜ የለዩት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። በላቲን ስሙም ውስጥ ኮሰረት የሚለው የአገር ቤት ስም እንዳለ ገብቷል። የሁለቱ ዘይት ስለሚለያይ ከሜዳ የተለቀመውን ከጓሮው እኩል መጠበቅ ያሳዝናል።

መጠኑን ደግሞ እንመልከት። ትኩስ የበሶብላ ቅጠል ከ100 እጅ ከ85 እስከ 90 እጁ ውኃ ነው። 1 ኪሎ ትኩስ ቅጠል በደንብ ሲደርቅ ከ110 እስከ 170 ግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ተናኝ ዘይቱ በጥሩ ዘመን 1 ግራም ያህል ነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ ለመሙላት የሚቸገር መጠን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሽሮውንና ቅቤውን የሚያውደው ይህ ብቻ ነው፤ የቀረው ቅጠል ተሸካሚ ነው።

ሳይፈላ እንዴት ይተናል?

ሊናሎል የሚፈላው ወደ 198 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ዩጂኖል ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያው ቤት ውስጥ ምን ያተነዋል?” ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ነው። ልብሱ ሲደርቅ ውኃው አልፈላም፤ እየበነነ ሄደ እንጂ። ነፋስ ካለ ይፈጥናል፣ ፀሐይ ከመታው ይብስበታል፣ የተዘረጋው ከተጣጠፈው ቀድሞ ይደርቃል። የመዓዛው ዘይትም በዚሁ ሕግ ይሄዳል።

ከመትነን ሌላ ሁለተኛ ጠላት አለ፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን። ኦክስጅን ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ይለውጠዋል፤ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ለውጡን ያፋጥኑታል። ዘይቱ አልተነነም፣ ነገር ግን ያው ዘይት አይደለም። ከዓመት በላይ የቆየ ቅጠል አቧራ አቧራ ወይም ካርቶን ካርቶን የሚሸተው በከፊል ከዚህ ነው።

በሶብላ ተሰቅሎ ቤቱ ሲታወድ ደስ ይላል፤ የበዓል ስሜትም ይሰጣል። ነገር ግን አየሩ ውስጥ የገባው ሁሉ ከቅጠሉ የወጣ ነው፤ ተመልሶም አይገባም። ቤቱ በጣም ከሸተተ ዕቃው ውስጥ የሚገባው ያንኑ ያህል ጎድሎ ነው። ማድረቅ ማለት ውኃውን አስወጥቶ ዘይቱን ማስቀረት ነው። ሁለቱም ወደ አየር መሄድ ስለሚፈልጉ አንዱን ሸኝቶ ሌላውን መያዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

መቼ ይቆረጥ?

የበሶብላ ዘይት የሚበዛው ማበብ ከጀመረበት አበባው እስኪሞላ ባለው ጊዜ ነው። የእኛ ሰው ከነአበባው መቁረጡ ስለዚህ ትክክል ነው፤ አበባው ራሱ በዘይት የበለጸገ ነው። ፍሬው ጠቁሮ ተክሉ ማርጀት ከጀመረ በኋላ ግን ቅጠሉ ይራቆታል። ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ መቁረጥ ጥሩ ነው። ጤዛ ይዞ የተቆረጠ የማድረቂያ ጊዜውን ያራዝማል። አፈር ካለበት ለቅለቅ አድርጎ ውኃውን ማራገፍ ይቻላል፤ ማሸት ግን አይገባም።

ፀሐይ ላይ ይድረቅ ወይስ ጥላ ውስጥ?

ጥላ ውስጥ። እዚህ ላይ ማመንታት የለም።

በፀሐይ የማድረቅ ልማዳችን ከበርበሬ የመጣ ይመስለኛል። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር አይተንም፤ ሳምንት ፀሐይ ላይ ቢውል ማቃጠሉ አይጎድልም። የሽሮውንም እህል ፀሐይ አይጎዳውም። በሶብላና ኮሰረት ግን የተለዩ ናቸው። ፀሐይ በቀጥታ የመታው ቅጠል በዙሪያው ካለው አየር በላይ ይሞቃል፤ በቆርቆሮ ወይም በሲሚንቶ ላይ ከተሰጣ ደግሞ ከታችም ይጋላል። ብርሃኑ በበኩሉ አረንጓዴውን ቀለም ያፈርሳል። ቡናማ ወይም ገለባ የመሰለ ኮሰረት በገበያ ሲታይ ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ያለፈ ነው። ቀለሙ ራሱ አይሸትም፤ ነገር ግን ቀለሙን ያጠፋው ሙቀትና ብርሃን ዘይቱንም አብሮ ይነካዋልና አረንጓዴነት ጥሩ ምስክር ነው።

ለሽታ ቅጠሎች የሚመከረው ሙቀት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ነው። የቤት ውስጥ ጥላ ይህን ያለ ምንም መሣሪያ ያሟላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው መጠኑ እንኳ ከዚህ በላይ ነው፤ በአንድ ሰዓት የደረቀ በሶብላ ያስደስታል፣ ወጡ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አይልም። በውጭ አገር የሚሸጡት የምግብ ማድረቂያ መሣሪያዎች ሙቀታቸው ወደ 35 ዲግሪ ዝቅ የሚል ከሆነ ይጠቅማሉ።

ሙቀቱን ከቀነስን ጊዜው ይረዝማል፤ ጊዜው በጣም ከረዘመም ሌላ ችግር ይመጣል። የተቆረጠ ቅጠል ወዲያው አይሞትም። በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ እርጥብ ሆኖ ብዙ ከቆየ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ሳይሞቅ ግን ቶሎ መድረቅ አለበት። ይህን የሚያስታርቀው የአየር መዘዋወር ነው። ነፋስ የሚገባበት ጥላ፣ መስኮቱ የተከፈተ ክፍል፣ ወይም ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ወደ ጎን ዞሮ የሚነፍስ ቬንቲሌተር ይበቃል።

እስሩን ማሳነስ ከሁሉም በላይ ይረዳል። ክንድ የሚያህል እስር ከውጭ ሲታይ ደርቆ መሐሉ ገና እርጥብ ነው፤ ሲፈታ መሐሉ ጥቁር ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። አምስት ስድስት ዘንግ ብቻ በአንድ ላይ አስሮ ራሱን ወደ ታች መስቀል ይሻላል። ዘንጎቹ ሲደርቁ ስለሚቀጥኑ እስሩ ይላላል፤ በመሐል ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አቧራ ካስቸገረ ቀዳዳ ያለው የወረቀት ከረጢት ማልበስ ይቻላል። ከምድጃ በላይ፣ ጭስና ነጭ ጋዝ ባለበት መስቀል ግን ጥፋት ነው፤ ቅጠሉ የራሱን ሽታ ሰጥቶ የማድቤቱን ይቀበላል።

ከመድረቁ በፊት መክተፍም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ቢላው ያለፈበት ዕጢ ሁሉ ይፈነዳል፤ ቅጠሉ በፍጥነት ይደርቃል፣ ዘይቱም አብሮት ይወጣል። ቅጠሉ ከነዘንጉ ወይም ሳይቀደድ በሙሉው ይድረቅ።

በበጋ፣ ከጥቅምት አንሥቶ ባለው ደረቅ አየር፣ ትናንሽ እስሮች እንደ ቦታው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በክረምት የተቆረጠ ግን ያስቸግራል። ቅጠል በዙሪያው ያለው አየር ከሚፈቅድለት በላይ ሊደርቅ አይችልም፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወር ቢሰቀልም እንደላመ ሊቆይ ይችላል። በክረምት የግድ የሚቆረጥ ካለ ትኩሱን ቅቤ ውስጥ ወይም ወጥ ውስጥ መጠቀም ይሻላል።

ደርቋል የሚባለው መቼ ነው? ከደረቀ በኋላስ?

ቅጠሉ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቅጠሉ ደርቆ ዘንጉ ውኃ ይይዛልና። ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ፣ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ፣ ገና ነው።

ዘንጉ ከተሰበረ በኋላ ብዙ ቤት የሚዘለው አንድ ደረጃ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ይህ ነው። ቅጠሉ ወደ መስታወት ማሰሮ ይገባና ክዳኑ ይከደናል፤ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ይታያል። በዘንጉና በወፍራሙ ጅማት ውስጥ የቀረው ጥቂት ውኃ በዚህ ጊዜ ወደ ደረቀው ቅጠል ይሰራጫል። ትናንት ሲፈርስ የነበረው ቅጠል ዛሬ ለስለስ ካለ ውኃው ገና አልወጣም ማለት ነው፤ ማሰሮው ተከፍቶ ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓት ወይም ለአንድ ቀን ይናፈሳል፣ ከዚያም ይመለሳል። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ ደግሞ ሁሉም ወጥቶ እንደገና መሰጣት አለበት። ሳምንቱ አልፎ ቅጠሉ እንደ መጀመሪያው ቀን እየፈረሰ ከቀጠለ ያኔ ለወራት መከደን ይቻላል።

መስታወት የሚመረጠው ስለሚያሳይ ነው። በጣሳ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ የተከደነ እርጥበት የሚታወቀው ሻጋታው ከሸተተ በኋላ ነው።

ይህ ሳምንት አዲስ መዓዛ አይፈጥርም። ከተቆረጡ በኋላ በዝግታ ሲታሹና ሲያርፉ መዓዛ የሚያወጡ ተክሎች በእርግጥ አሉ፤ አረንጓዴ የቫኒላ ፍሬ ምንም አይሸትም፣ የምናውቀው መዓዛው የሚወጣው ለወራት ከሚቆይ የማሞቅ፣ የማላብና የማድረቅ ሥራ በኋላ ነው። በሶብላና ኮሰረት ግን መዓዛቸውን በሕይወት ሳሉ ሠርተው ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚጨመርላቸው የለም፤ የሚቀነስባቸው እንጂ።

ጥቂት ሻጋታ ያን ያህል ያስፈራል?

ያስፈራል። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ቱርክ የሚባሉ የዶሮ ዓይነቶች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር መኖአቸው ውስጥ የነበረው የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር፤ ሻጋታው ያመነጨው መርዝም አፍላቶክሲን ተባለ። አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያስከትላል። በተራ የምግብ ማብሰያ ሙቀት አይጠፋም። ሻጋታው ተጠርጎ ቢነሣ እንኳ መርዙ ሊቀር ይችላል።

ቅመም ለዚህ የተጋለጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው በሚገባ በርበሬ ውስጥ በ1 ኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን እንዲገኝ አይፈቅድም፤ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ይህ በበርበሬ ላይ ለሚሠሩ ነጋዴዎች ከባድ ጉዳይ ነው፤ ቤት ውስጥ ለምናስቀምጠው ደግሞ ትምህርቱ ቀላል ነው። የሻገተ ሽታ ያለው ወይም ነጭና አረንጓዴ ብናኝ የታየበት ቅጠል አይታጠብም፣ አይታመስም፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ አይድንም። ይጣላል። ሁለት ብር ለማዳን ብሎ ከልጆች ሽሮ ውስጥ መጨመር የማይገባ ነገር ነው።

በምን ይቀመጥ? ፌስታል ምን ያደርገዋል?

ኮሰረት በፌስታል ቋጥሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ከሳምንት በኋላ ቁም ሣጥኑ ኮሰረት ኮሰረት ይላል። ቋጠሮው አልላላም፤ ዘይቱ በፕላስቲኩ ውስጥ አልፎ ነው የወጣው። ስሱ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ውኃን በደንብ ይይዛል፣ የመዓዛ ዘይቶችን ግን ራሱ ይመጥጣቸዋል፤ ቀስ በቀስም ያሳልፋቸዋል። በአጠገቡ የተቀመጠ ስኳር ወይም ዱቄት ያን ሽታ ይወርሳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ስለ አካባቢው አስቦ ነው፤ ለቅመም ቤቱ ግን ፌስታል መጀመሪያውኑም ወዳጅ አልነበረም።

ክዳኑ የሚገጥም የመስታወት ማሰሮ ዘይቱን አያሳልፍም፣ አይመጥም፣ ታጥቦ እንደገና ያገለግላል። የማር ወይም የቲማቲም ድልህ ማሰሮ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የክዳኑ ሽታ ከለቀቀ ይበቃል። ቡና የሚታሸግበት ዓይነት ከውስጡ አሉሚኒየም የለበሰ ከረጢትም ጥሩ ነው። ቅልና ያልተቀባ ሸክላ አየር ስለሚያስገቡ ለረጅም ጊዜ አይመቹም።

ማሰሮው እስከ አፉ ይሞላ፤ ባዶ የቀረው ቦታ አየር ነው፣ አየር ደግሞ ኦክስጅን ነው። አንድ ትልቅ ማሰሮ ዓመቱን ሙሉ ከመክፈት በአራት ትናንሽ ማሰሮዎች ከፍሎ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን መክፈት የተሻለ ነው። ማሰሮው መስኮት ላይ ያምራል፤ ቦታው ግን ጨለማ ያለበት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሣጥን ነው። ከምድጃ በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ስለሚቀርብ ቅመም ሁሉ እዚያ ይደረደራል፤ ከቤቱ ሁሉ ሙቀትና እንፋሎት የሚበዛበትም እዚያው ነው።

በዚህ መንገድ የተያዘ ቅጠል ከመከር እስከ መከር ይዘልቃል።

ፈጭቶ ማስቀመጥ ምን ይጎዳል?

ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለፈ ሰው የማን በርበሬ እንደሚፈጭ ባያውቅ ምን እንደሚፈጭ ያውቃል። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላው መንገድ ድረስ ይጣራሉ። ያ ሁሉ ሽታ በባለቤቷ ገንዘብ የተገዛ ዘይት ነው። ወፍጮው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ዘይቱ ያለበትን ሕዋስ ሁሉ ይከፍታል፣ በመፋተጉም ያሞቀዋል። ዱቄቱ ከወፍጮው ሲወጣ እጅ የሚያሞቅ ነው። በትልልቅ የቅመም ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቀዘቀዙ የሚፈጩ አሉ።

የሰፈር ወፍጮ ናይትሮጅን የለውም፤ ማድረግ የሚቻለው ግን አለ። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲደለዝ ትኩስ በሶብላ አብሮ የሚገባበት ልማድ አለ፤ ያ ድልዝ ቀናት ፀሐይ ላይ ስለሚውል ከበሶብላው መዓዛ ብዙው በዚያ ይቀራል። የደረቀውን በሶብላና ኮረሪማውን መጨረሻ ላይ፣ ወደ ወፍጮ ሊሄድ ሲል መጨመር ይሻላል። ቅመም ሲታመስም ሁሉን በአንድ ምጣድ ማድረግ ጉዳት አለው። አብሽ መታመስ ይፈልጋል፤ ጣዕሙ የሚወጣው በእሳት ነው። ኮረሪማ ግን ሞቅ ከማለት ያለፈ እሳት ካየ ዘይቱ ምጣዱ ላይ ያልቃል። ከወፍጮ የመጣው ዱቄት ትኩስ እንዳለ አይከደንም፤ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ዱቄቱን ያረጥበዋል። ተሸፍኖ ይቀዝቅዝና ያኔ ይከደን።

ለዕለት ምግብ የሚሆነውን በሶብላ በሙሉ ቅጠሉ አስቀምጦ በሚፈለግበት ሰዓት በመዳፍ ወይም በሙቀጫ ማድቀቅ ከሁሉ ይሻላል። ኮረሪማም በቅርፊቱ ይቆይ። በገበያ በገመድ ተሰክቶ የሚሸጠው ባለቅርፊት ኮረሪማ ከተፈለፈለው የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ማሸጊያው አብሮት በቅሏል።

ቅቤ ውስጥ የገባውስ?

የመዓዛ ዘይቶች በውኃ ውስጥ ብዙም አይሟሙም፤ በስብ ግን ይሟሟሉ። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረቱ፣ በሶብላውና ኮረሪማው ዘይታቸውን ለቅቤው ያስረክባሉ፣ ቅቤውም ይዞ ያቆየዋል፤ ከስብ ውስጥ የሚተነው ከደረቅ ቅጠል ላይ ከሚተነው በጣም ያነሰ ነው። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ ቤተ ሙከራ ነው፤ ንጥር ቅቤ ከማጣፈጫነቱ ሌላ የመዓዛ ማከማቻም ነው።

ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። ቅቤው ገና ሲንተከተክ የሚወጣው እንፋሎት የመዓዛውን ዘይት ይዞት ይሄዳል። ውኃው ተንኖ ካለቀ፣ አረፋውም ከረጋ በኋላ እሳቱን ቀንሶ ኮሰረቱንና በሶብላውን መጨመር፣ ጥቂት አቆይቶ ማውረድና ከድኖ ማቀዝቀዝ ብዙ ያድናል። እርድና አብሽ ቀደም ብለው ቢገቡ ችግር የለም።

ፍሪጅስ ይረዳል?

ትኩስ በሶብላ ፍሪጅ ውስጥ ይጠቁራል። የሙቅ አገር ተክል ስለሆነ ከ10 ዲግሪ በታች ያለው ቅዝቃዜ ሕዋሳቱን ይጎዳቸዋል። ትኩሱን ለጥቂት ቀናት ለማቆየት ዘንጉን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁሞ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ ይበልጣል።

ለደረቀው ግን በረዶ ቤቱ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው፤ ቅዝቃዜው መትነንንም ኦክስጅንንም ያዘገያል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ማሰሮው ከበረዶ ቤት ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ አይከፈት። ወዲያው ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት በቀዝቃዛው ቅጠል ላይ ጤዛ ይሆናል፣ የማድረቁ ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ፣ የክፍል ሙቀት በሚያስቸግርበት ቦታ ለሚኖር ወገን ይህ ዋናው መንገድ ነው።

ወደ ውጭ አገር ይዞ ለሚሄድ

ከአዲስ አበባ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው በሶብላና ኮሰረት በደረቁ፣ በሙሉ ቅጠሉ፣ አየር በማያሳልፍ ከረጢት ቢታሸግ ይመረጣል። እንዲሁ በፌስታል የተቋጠረ ግማሹን መዓዛ ለልብሱ ሰጥቶ ይደርሳል። አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ የያዘውን የምግብና የዕፅዋት ውጤት ሁሉ ማስታወቅ ግዴታው ነው፤ ደረቅ ቅመም አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፣ ሳያስታውቁ መገኘት ግን ቅጣት ያመጣል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የወተት ተዋጽኦን በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ንጥር ቅቤም ከዚያ ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ስዊድን ለሚሄድ ሰው ቅቤውን አንጥሮ ከመላክ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን በደረቁ መላክ ያዋጣል፤ ቅቤው እዚያው ይነጠራል።

ያረጀው ምን ይደረግ?

አንዲት ቅጠል መዳፍ ላይ አድርጎ አሽቶ ማሽተት ነው። ወዲያው ከሸተተች ደኅና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታሸች በኋላ ብቻ ትንሽ ካለች ዘይቱ አልቆ ጥቂት ቀርቷል፤ ሻጋታ እስከሌለው ድረስ አይጎዳም። እንዲህ ያለውን ወጥ ላይ ነስንሶ ከማለፍ በዛ አድርጎ ለቅቤ ማንጠሪያ ማዋል ይሻላል፤ ስቡ የቀረችውን ያወጣታልና። ታሽታ ምንም የማትል ከሆነ ከአፈር ጋር ለጓሮው ማዳበሪያ ትሁን። በሚቀጥለው ጥቅምት ለሚቆረጠው ደግሞ ክዳናቸው የሚገጥም ማሰሮዎችን ከወዲሁ ማጠራቀም ይቻላል።